የግራ አውራ ጣት

በድሮ ትምህርት ቤቴ፣ አራተኛ «ለ» ክፍል፣
ግድግዳው ላይ ገና ክፍልፋይ ተሥሏል፤
የአበል ደብተር ላይ ፈርሜ ገባሁኝ፣
«ረምላ፣ ቀለም ያዢ» ብለው አስቀመጡኝ።
አንዱ መዝገብ ያያል፣ ሌላው ካርድ ይበሳል፣
የኔ ድርሻ ጣት ነው፤ ጣት ሁሉን ያወራል።

አያ ሙህዬ መጡ፣ ከጀልባ ተነሥተው፣
የዓሣ ቅርፊት ነበር ከጥፍራቸው ያለው፣
«ጣት ቢገማ» አሉኝ፣ «ተቆርጦ አይጣልም፣
ቀቢው ግድ የለሽም፣ ሽታው አይመርጥም።»

የሰዒዳ ጣቶች ሂና ጠጥተዋል፣
ሠርጓ ሐሙስ ነበር፣ ገና ይደምቃል፣
ሁለቴ ብቀባው ቀለሙ ጠፋብኝ፣
«ማን ያምነኛል ታዲያ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ከሰዒዳ ሌላ ወጣት የሚባል ሰው
እስከ ስድስት ሰዓት አራት ጣት ብቻ ነው።

መዝገቡ ላይ አሉ፤ አብሬያቸው ተምሬ፣
አብሬያቸው ወድቄ፣ አብሬ ተሻግሬ፦
ሽኩር፣ አህመዲን፣ ፈትለወርቅ፣ አራጋው፣
ከስማቸው ጎን ግን ባዶ ነው ቦታው።
ከመንገዱ ማዶ፣ ከረምቡላ ቤት ደጃፍ፣
የኳስ ግጭት፣ ሳቅ፣ ገራባ በየጫፍ።

ሽኩር ወንድሜ ነው፤ የሚኒባስ ረዳት፣
«ደሴ! የሞላ ነው!» የሚል ዕለት በዕለት።
ጠዋት ስቀሰቅሰው ብርድ ልብሱን ስቦ፣
ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ «ተዪኝ» አለኝ፣ «አቦ!
ቁጠር ካልሽኝ፣ እኔ ቆጠራ አውቃለሁ፣
ከኋላ ወንበር ጀምሬ ሂሳብ እሰበስባለሁ፣
ጎዶሎ ካለ እጮኻለሁ፣ ሹፌሩም ይሰማኛል፤
ያ ሳጥን ውስጥ ብጮኽ ግን፣ ማን መልስ ይሰጠኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ጫማዬን አሠርሁና
ወጣሁ፤ ጭጋጉ ከሐይቁ ሲነሣ ገና።

አሥራ ሁለት ሆነ፤ በሩ ተቆለፈ፣
ሳጥኑ ተገልብጦ ወረቀት ረገፈ፣
ሠላሳ ስምንት ስንል መብራት ድርግም አለ፣
ከማን ወገን እንደሁ «እጅ ወደ ላይ!» ተባለ።
እጃችንን ሰቅለን፣ በጨለማው ቆመን፣
ሁላችን ዳኛ ሆነን፣ ሁላችን ሌባ መስለን።
ሻማ ያሰበ የለ፤ ጄኔሬተር ብሎ ነገር፣
የወረዳው ነዳጅ ማለቁ አዲስ አልነበር።

በመስኮቱ በኩል አንድ ብርሃን መጣ፣
ከኋላው ሁለት፣ አራት፤ ከረምቡላ ቤቱ ወጣ፤
የተሰነጠቀ ስልክ፣ በላስቲክ የታሠረ፣
ሽኩር ክንዱን በብረቱ አሾልኮ ወጠረ።
«መግባት ክልክል ነው!» ቢባሉ፣ «መች ገባን?» አሉ፣ «አልገባንም።»
ለሁለት እንደሚፈታ የሳተው ሰው አልነበረም።

በነሱ ብርሃን ቆጠርን። አንድ በአንድ። ጮክ ተብሎ።
የኛን ቁጥር ከመስኮቱ ሁሉም ይደግማል ተቀብሎ።
መቶ አርባ ስድስት ላይ «ቁም!» አለ ሽኩር፣ «ቁም!
ሁለት ናት እሷ ወረቀት፣ አንድ አይደለችም!»
ሰብሳቢው ጣቱን ልሶ በቀስታ ፈተጋት፣
እውነትም ከሥሯ ሌላ ተጣብቃ አገኛት።
በሁለቱ መሐል የዓሣ ቅርፊት ነበረች፣
በስልኩ ብርሃን እንደ ሳንቲም አበራች።
የማን ጣት እንዳመጣት ለኔ ብቻ ገባኝ፤
ድምፅ ምሥጢር ነውና፣ ሽታውን ዋጥ አደረግሁኝ።

«ማን በለጠ?» አላሉም ልጆቹ ሲበተኑ፣
ስልኮቹ ባትሪ ጨርሰው አንድ በአንድ ተዳፈኑ።

ከሽኩር ጋር አብረን በአስፋልቱ ወረድን፣
ውሻ ይጮኻል፤ ሐይቁ ይሸታል፤ ዝም አልን።
«ቀለሙ ተርፏል?» አለኝ። «ተርፏል፤ አሽጌያለሁ።»
«እስቲ ንኪኝ ትንሽ።» «አይሆንም፤ ምያለሁ።»
«መቼ ነው ደግሞ?» አለኝ። «አምስት ዓመት» አልኩት።

በቀረችው ብርሃን ግራ እጁን ዘርግቶ፣
ከትንሿ ጣቱ ጀመረ ተግቶ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
አውራ ጣቱ ላይ ቆመ።
አገላብጦ አየው።

«ጎዶሎ አለ» አለኝ፤ ስልኩን አጠፋው።