ስድስቱ ይጠብቁ

ቀዩን ከቢጫው፣ ደህናውን ከተበላሸው በዓይኔ ለይቼ፣
ስምንት ሰዓት ሙሉ በመጋዘን ብርድ ቆሜ ውዬ ገብቼ፣
ሳጥን ሲሞላ እጄ የሚያውቅ፣ ሳልቆጥር የምቆጥር ሴት፣
በግሩዬትስ ገበያ ሁሉ የማልታለል በሚዛን፣ በስሌት፣
ማታ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተሸነፍኩ በአንድ ወረቀት።

ያጎዳ ሦስተኛ ክፍል ናት። እርሳሷን ትነክሳለች።
«እማ፣ ስድስተኛው…» ብላ ደብተሩን ትገፋልኛለች።

ዞሲያና ታዴክ አንድ ላይ ሃያ ፖም አላቸው፤
ዞሲያ ከታዴክ በስድስት ትበልጣለች። ለታዴክ ስንት ደረሰው?

«ይሄማ!» አልኩ፣ እርጥብ እጄን በፎጣ አብሼ፣
«ከሃያ ስድስት ሲነሣ አሥራ አራት» ራሴን አሞግሼ፤
«ዞሲያ አሥራ አራት፣ ታዴክ ስድስት። ጻፊና ተኚ፣ አለቀ።»
ልጄ ግን አልጻፈችም፤ እርሳሷ አየር ላይ ደረቀ።
«አሥራ አራት ከስድስት በስንት ነው የሚበልጠው?»
«በስምንት።»
«በስድስት ነው እኮ የሚለው።»
ዝም አልኩ። ማቀዝቀዣው ብቻ ነው ያጉረመረመው።

ቦግዳን ጋ ደወልኩ። ሐኖቨር አጠገብ ከባድ መኪናውን አቁሞ
ዳቦ በአይብ ይገምጣል፤ ሰማኝ ማላመጡንም አቁሞ።
«ኤክስ በይው» አለ፣ እንደ ሐኪም ክኒን ሲያዝዝ።
«በኤክስ አይፈቀድም!» አለች ያጎዳ፣ ድምፅዋ እንባ ሲይዝ፣
«መምህርታችን በሥዕል ነው ያለችው።»
«በሥዕል?» አለ ባሌ፣ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣
«ሂሳብ ነው ወይስ…» እዚያው ላይ ቀረ፣ ኔትወርኩ ወድቆ።

ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ከረጢቱን ጎተትኩ፤
ጠባሳ ያለበትን፣ ለገበያ የማይበቃውን፣
ለሠራተኛ የሚተውለትን
ሃያ ፖም መርጬ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ።
ቆጠርን። አሥራ ዘጠኝ።
ደግመን ቆጠርን። አሥራ ዘጠኝ።
ጎንበስ ብንል ኢግናሲ፣ የሦስት ዓመቱ፣ ጉንጩ ሞልቶ
ተቀምጧል ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጥያቄው አንዱን በልቶ።
ሳቅን። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ መሳቅ በማይገባን ሰዓት።
በጎደለው ምትክ ድንች አስቀመጥን፤ ፖም ነው አልናት።

አሥር አሥር አካፈልኩ። ከታዴክ ስድስት ነሥቼ ለዞሲያ ሰጠሁ፤
አሥራ ስድስትና አራት ሆነ። ታዴክን ጭራሽ አደኸየሁ።
ያጎዳ እጄን ገፋ አደረገች፣ «ተይ፣ እማ» ብላ።
ስድስቱን፣ ከነድንቹ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ደርድራ
«እነዚህ ትንሽ ይጠብቁ» አለች።
የቀረውን ከፈለች፦ ሰባት እዚህ፣ ሰባት እዚያ።
እኩል።
ከዚያ ስድስቱን አንሥታ መለሰችላት ለዞሲያ።

መስኮቱ ላይ ስድስቱ ተራቸውን ሲጠብቁ ሳይ
ወንድሜ ሌሼክ ትዝ አለኝ።
አባታችን ሲሞት የፖም እርሻው ለሁለት ተከፍሎ
ለእርሱ በስድስት ረድፍ በለጠ።
አራት ዓመት በአንድ አጥር ግራና ቀኝ
አንገት ደፍተን ስንለቅም፣ መሰላላችን ሲነካካ እንኳ ዝም ስንል፣
እኔ ስሌቱን የምጀምረው ሁልጊዜ ከስድስቱ ነበር።
በስንቱ እኩል እንደሆንን አንድ ቀን እንኳ ሳልቆጥር።

አልደወልኩለትም። መሽቷል።
ደግሞም ስድስት ረድፍ ስድስት ረድፍ ነው።

ያጎዳ መልሱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፣
መምህርቷ ቁጥር ብቻውን ቆሞ ማየት አትወድምና፦
ታዴክ ሰባት ፖም አለው።
ድንቹን ወደ ከረጢቱ መለስኩ። ገጹን ገለጠች።

ሰባተኛው ጥያቄ፦ አንድ ገንዳ፣ አንድ ቧንቧ፣
ከሥር ደግሞ ያልተደፈነ ቀዳዳ፤ በስንት ደቂቃ ይሞላል?
«ምን ዓይነት ሰው ነው» አልኩ፣
«ቀዳዳውን ሳይደፍን ውሃ የሚከፍት?»
ያጎዳ እርሳሷን አነሣች።
«እሱን አልጠየቁንም» አለች።