አስተርጓሚው በቂርያት ማልአኪ

የሰፈሩ አዳራሽ፣ ሰማንያ የፕላስቲክ ወንበር፣
ግማሹ ባዶ። እጩው ዘግይቶ ሲገባ ላብ በላብ ነበር።
«ሰላም» ብሎ ጀመረ፤ «ሰላም» ብዬ ተረጎምኩ፤
ሽማግሌዎቹ ከወገብ ዝቅ ብለው
«እግዜር ይመስገን» አሉት፣
እሱም ፖሊሲውን የተቀበሉት መስሎት ፈገግ አለ።

ስለ አጥሩ፣ ስለ ድንበሩ፣ ስለሚጨመረው ወታደር፤
እሱ ባንድ ትንፋሽ፣ እኔ በሦስት ስናገር፣
«ቢታሆን» ባለ ቁጥር «ጸጥታ» አልኩ፤
ሌላ ቃል አልመጣልኝም።
ዐሥር ጊዜ ጸጥታ፣ ጸጥታ፤
አዳራሹም ጸጥ አለ።

ኢኮኖሚው ጋ ስንደርስ፣ ቁጥር በቁጥር ላይ ሲከመር፣
ኋላ ያሉት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያንሾካሹኩ ጀመር።

ከዚያ ወይዘሮ አበጀሽ ተነሡ፤
ከካሮት ማሸጊያው በቀጥታ፣ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ፦
«ልጄ ዓርብ ማታ ይመጣል፣
ጠመንጃውን ከአልጋው ሥር ከቶ ይተኛል፤
እሑድ ጎህ ሳይቀድ ይሄዳል።
እስቲ በለው የኔ ልጅ፣ ጸጥታ የሚለኝ የቱን ነው?
ጠመንጃው ያደረበትን ሌሊት፣
ወይስ እሑድ አልጋውን ሳነጥፍ
ቤቱ ውስጥ የሚቀረውን?»

በዕብራይስጥ ሁለቱ ለየቅል ናቸው።
አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁ።
እጩው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ጠበቀኝ፤
ክፉ ሰው አይመስልም።
«ስለ ቢታሆን ነው የጠየቁህ» አልኩት።
«ግሩም ጥያቄ!» አለና
አጥሩን ከመጀመሪያው ጀመረው።

«ምን አለ?» አሉኝ በኋላ፣ ፌርማታው ላይ።
ሁለት መቶው ሼቄል ኪሴ ውስጥ ነበር።