ኤግዚቢት ዘጠኝ

ካርላይል፣ ሁለተኛ ችሎት፤ መስኮቱን ዝናብ ይደበድባል፤
ጠረጴዛው ላይ ጎጆ፣ በላስቲክ ታሽጎ ተቀምጧል፤
ጭራሮ፣ የበግ ፀጉር፣ የከረሜላ ወረቀት፣
ቁራ ለጫጩቶቿ፣ ከጭስ መውጫ አፍ የሠራችው ቤት።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ፣ ጣቱን ወደ ደንበኛዬ ዘርግቶ፤
«ፈረመ» አለ፣ «ሳያይ፣ የጭሱ መንገድ ተዘግቶ፤
ቴሳ ካራዘርስ ተኝታ ቀረች፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላት፣
ሽታ የሌለው ሞት ገባ፣ በሯን እንኳ ሳያንኳኳባት።»

የኔ ሰው ኖርማን ቴዝዴል፣ ስድሳ አንድ ደፍኗል ዕድሜው፣
ከመስታወቱ ሣጥን ውስጥ፣ የድሮ ኮቱ የጠበበው፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ቤት ሲያሞቅ የኖረ፣
የጣቱ ጫፍ በቦይለር እሳት እንደ ጫማ ቆዳ የጠነከረ።

በየካቲት ነው የፈረመው፤ ልጅቷ የሞተችው በግንቦት።
መሐል ላይ ሦስት ወር አለ። ክርክሬ ያረፈው በዚያች ክፍተት፦
ቁራይቱ መቼ መጣች? ይኸው ነው ሙግቴ ሁሉ፤
ከፊርማው በፊት ናት? በኋላ? እናንተ ዐሥራ ሁለታችሁ በሉ!

ዶክተር ስትራከር፣ የወፍ ሊቅ፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው፣
ጎጆውን በወረንጦ፣ እንደ ሽንኩርት ልጠው ልጠው፣
«ይህ ቅጠል የሚያዝያ ነው» አሉ፣ «እርጥቡን ነው የቀጠፈችው፤
ይህም የግልገል ፀጉር፤ ግልገል በመጋቢት ነው የሚገኘው።»
ከጁሪዎቹ አንዷ ጻፈች። ልቤ እንደ ጫጩት ዘለለ።
ኖርማን ግን አቀረቀረ፤ አንድ ነገር የሚሰማ መሰለ።

«ከሥሩስ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።
          ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ።
«ከሥሩ ጥቀርሻ የጠጣ ጭራሮ አለ፤
ዓመት ይሁን ሦስት ዓመት፣ እርግጡን አይጠይቁ።»
«ብቻውን መንገድ ይዘጋል?»
          «ያጠብ ይሆናል። መዝጋት... እንጃ።»
ያችን «እንጃ» አነሣኋት፤ ለኔ ሥንቅ ናት፣ ለሱም ማስረጃ።

በምሳ ሰዓት፣ ከታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል ተቀመጥን፤
ሳንድዊቹን አልነካም። ዝም ተባባልን፤ ቆየን።
«ይዘንብ ነበር ያን ቀን» አለ። «መሰላሉ መኪናው ላይ ነው ያለው።
አወረድኩት? ወይስ ተውኩት? ማነው ይህን የሚያስታውሰው?
ሠላሳ ስምንት ዓመት እኮ ነው! ጣራው ሁሉ አንድ ጣራ ሆነብኝ።»
እጁን አየ፣ እጁ ይነግረው ይመስል። እኔን ብርድ ብርድ አለኝ።

«አላስታውስም» ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይባል ገና፤
ጠበቃ በዚህች ክር ላይ ነው የሚሄደው፣ ካባውን ሰብስቦ፣ ብሎ ቀና።

ተነሣሁ። በላ ልበልህ! ሰው ስቶ ከሆነ ሳያስብ፣
ስሕተት ሁሉ እስር ቤት ካስገባ፣ ማን ይተርፋል ከዚህ ሕዝብ?
ሕጉ የሚሻው ሌላ ነው፤ ዓይን ያወጣ ቸልታ፣
ነፍስን ከቁብ አለመቁጠር፤ አይደለም የአንድ ጧት ዝንጋታ።
ጭራሮው ምስክር ከሆነ፣ ለማን እንደመሰከረ፣
ያወቀ ካለ ይነሣ!
          ችሎቱ ጸጥ ብሎ ቀረ።

ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር። መሰላሉን ነው ያላነሣሁት፤
ዐቃቤ ሕጉም አልጠየቀ፤ ስለዚህ እኔም ተውኩት።

ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ዐሥር ለሁለት። «ጥፋተኛ አይደለም» ተባለ።
ኖርማን አልተደሰተም፤ ለማን እንደሁ እንጃ፣ «ይቅርታ» አለ።

የቴሳ እናት፣ ሂልዳ፣ በመተላለፊያው ጠበቀችኝ፤
የልጇን ሹራብ ለብሳለች፣ እጅጌው አጥሯታል። አየችኝ።
«ሥራሽ ነው» አለች፣ «አልቀየምሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፦
ቀና ብሎ አይቶ ነበር?»
          ከነካባዬ ቆሜ፣ ለዓመታት የተካንሁበት ቃል ጠፋኝ።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ቦይለሩ ቱፍ ብሎ ነደደ፤
ሙቀት እንደ ሌባ በቧንቧው፣ ከክፍል ክፍል ሄደ።
ባትሪ ይዤ ወጣሁ ደጅ፤ ወደ ጣራው ቀና አልሁ፤
ዝናብ ዓይኔ ውስጥ ገባ።
          ምንም አላየሁ።