ከዜሮ በታች አርባ

በጋ ነው ሽኮድራ፤ ሐይቁ ዳር አስፋልቱ ይቀልጣል፣
የጋራዡ ቆርቆሮ የነካውን እጅ ይልጣል፤
የፕሬንክ አሮጌ መርቸዲስ ግን
ጥቁር ጭስ ተፍታ ትጠፋለች።
ካንዴላ ቀየረላት፤ ፓምፕ ገዛላት ተበድሮ፤
እሷ ያው፣ እንደ ድሮ።

ድራንዳ፣ ልጁ፣ ጎንበስ አለች ባትሪ በጥርሷ ነክሳ፤
ከቴርሞስታቱ ሥር፣ አቧራና ዘይት ለብሳ
አንዲት ሶኬት ተንጠልጥላለች፤ መቆለፊያዋ ተሰብሯል፣
የሽቦው ልብስ እንደ ደረቅ ዳቦ ጣት ላይ ይፈረፈራል፤
ውስጡ አረንጓዴ ዝገት።

«አባ፣ ሴንሰሩ ደህና ነው። ጉድ የሠራን መልእክተኛው ነው።
ወሬው መንገድ ላይ ሲቀርበት ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ?
ከዜሮ በታች አርባ መስሎት
ሙቀት ለፈጃት መኪና
ቤንዚን ይደርብላታል፣ እንደ ብርድ ልብስ።»

መዳቡ እስኪስቅ ድረስ ሽቦውን ላጠችው፤
ከተጣለ ኦፔል የነቀለችውን ሶኬት በየደችው፤
ፒኑን በመርፌ አጥብቃ፣
ላስቲኩን በላይተር አኮማትራ፣
ገፋ አደረገችው።
ቀጭ!

ቁልፉን አዞረች። ተነሣች፤ ሳል የለ፣ ጭስ የለ።
ፕሬንክ ሲጋራውን ለኮሰ፤
ሁለቴ ሳበና፣ ዓይኑን ከሐይቁ ሳይነቅል፣
«ፓምፑም ረድቷል» አለ።