አሥራ ሁለት ሥዕል

ሴኡል፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ከጎማ ፋብሪካው ማዶ፣
አርባ ሴት ተቀምጧል ከወንበር ጋር ተጠምዶ፤
ከሥር አምፖል በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ
የሰው አገር ጀግና ሲቀባ፣ እጁ በጓንት ውስጥ ወዛ።

ካባው ሰማያዊ ነው፣ ቁጥሩ አርባ ሰባት፤
ቀበቶው ብርቱካን፣ ቁጥሩ ሠላሳ አራት፤
ደም የለም። ለደም የሚሆን ቁጥር አልወጣለት፣
የቅዳሜ ጠዋት ልጆች እንዳይደነግጡበት።

ፒዮ ማል-ሱን ቫልደንን በክርኑ፣ በጉልበቱ፣
በቁራጭ በቁራጩ እንጂ አታውቀውም በሕይወቱ።
ሲሮጥ አላየችውም። እንግሊዝኛም አታውቅም።
ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት፣ «ቀለም» ትላለች፣ አትጨምርም።

ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ። የሳምንቱ ታሪክ ይሄ ነው፦
ክፉው ሰው ድልድይ ይሰብራል፤ ለምን እንደሚሰብረው
ራሱም አያውቅ መሰለኝ፤ ብቻ ሲስቅ ነው የምናየው።
አውቶቡስ ይንጠለጠላል፣ ከፊቱ ውሃ፣ ከሥሩ አየር፤
ቫልደን ይደርሳል በርሮ፣ አለመዘግየት ነው የሱ ምሥጢር፤
በአንድ ክንዱ ድልድዩን፣ በሌላው አውቶቡሱን
ተሸክሞ አርባ ሰከንድ፣ ነክሶ ይቆማል ጥርሱን።

አርባ ሰከንድ ማለት ግን ከመስታወቱ ወዲህ
አራት መቶ ሰማንያ ክንድ ነው፤ ሁለት ሳምንት ነው እንዲህ
አጎንብሶ።

ሐሙስ ጠዋት ሬዲዮኑ ዘፈኑን አቋረጠ።
እዚያው ከተማ፣ ወንዙ ላይ፣ ድልድይ መሐሉ ተቆረጠ።
ሰው ሥራ የሚገባበት፣ ተማሪ የሚሄድበት ሰዓት።
አውቶቡስ ነበረ።
ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ ብሎን ነበረ፣ ዝገት፣
«ይቆያል» ተብሎ የተፈረመበት ስንጥቅ ነበረ።
የሳቀም አልነበረ።

ናም ኪ-ቦክ፣ አለቃው፣ ቆሞ ጥቂት ሰማና
ሬዲዮኑን አጠፋው፤ ወደ ደረጃው ወጣና
አፍንጫው ቀልቶ ተመለሰ። «ሥራው ነገ ማታ
አውሮፕላን ላይ ይጫናል፤ እጃችሁ እንዳይፈታ።»
አርባ ብሩሽ ቆሞ ነበር። አንድ በአንድ ተመለሰ።
ቀለም ይደርቃል፤ ማንም ድምፁን አውጥቶ አላለቀሰ።

ማል-ሱን እጅ የደረሰው የአውቶቡሱ ጎን ነበር፦
ስድስት መስኮት፤ በአምስቱ ሰው፣ ስድስተኛው በጥቁር መስመር
የተከበበ ባዶ። «ሰማያዊ ሙሉበት» ይላል ማዘዣው።
አልሞላችበትም።
መቀባት እንጂ መሣል የሷ አይደለም፤ ቀጭን ብዕር
ከማን እንደተዋሰች አላውቅም።
ልጅ ሣለች። የትምህርት ቤት ኮሌታ፣ በግንባር የተቆረጠ ፀጉር፣
ጉንጯን በመስኮቱ ያስደገፈች፣
እንቅልፏን ያልጨረሰች።
አሥራ ሁለት ጊዜ ሣለቻት። እጇ ላይ የነበረው ይኸው ነው።
አሥራ ሁለት ሥዕል አንድ ሰከንድ ነው።
ቀጣዩ ሰከንድ የሌላ ሴት ጠረጴዛ ላይ ነው።

በአሥር ቀኑ ከሎስ አንጀለስ ፋክስ መጣ፦
«ትዕይንት ሠላሳ አንድ። ስድስተኛ መስኮት። ይህች ማናት? ትውጣ።»
ኪ-ቦክ ወረቀቱን አየ። ቅጂውን አውጥቶ ሥዕሉን አየ።
ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አየ።
ከዚያ በሚያውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ ጻፈ፦
«ይቅርታ። ጊዜው አለፈ።»

ኅዳር ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ ኦሃዮ፣ የቶሊዶ ከተማ።
ዌንደል ሃስኪን፣ ሰባት ዓመቱ፣ ምንጣፍ ላይ በፒጃማ፣
ማንኪያው ከአፉ ሳይደርስ፣ ቫልደን ሲመጣ በርሮ፣
ክንዱ ሲንቀጠቀጥ፣ የአንገቱ ሥር ተወጥሮ፣
አውቶቡሱን በቀስታ እንደ እንቁላል ሲያስቀምጠው፣
በሩ ሲከፈት፣ ሰው ሲወርድ አየ። ቆጠረው።
በጣቱ ቆጠረው።
ሙዚቃው ከፍ አለ። ጀግናው ፈገግ አለ።
ጫማ የሚሸጥ ማስታወቂያ ተከተለ።

«አባዬ!»
አባቱ ወጥ ቤት ዕቃ ያጥባል።
«መስኮቱ ጋ የተኛችው ልጅ አልወረደችም።»
ውሃው ይወርዳል።
«ምን አልከኝ?»
«አልወረደችም።»