ገጽ መቶ ሰማንያ ሰባት

መምህር ኦያርሱን «እስከ እኩሌታው አንብቡ፣
የተሰማችሁን ጽፋችሁ ሐሙስ አስረክቡ» ብለውናል።
እኩሌታው ላይ ነኝ። ቫልዲቪያ ይዘንባል፤
ከዓሣ ገበያው ሥር የባሕር አንበሳ ያጓራል፣
ሻጮቹ አንጀት ሲወረውሩለት ዝም ይላል።

ልብ ወለዱ ውስጥ ቤት አለ፤ ሰባት ሰው ይኖርበታል፣
ማታ ማታ ግን ስምንት ሳህን ይደረደራል።
አባት ይባርካል፣ ሾርባው ይቀዳል፣
ስለ ስምንተኛው ማንም አይጠይቅም።
«ሞኞች!» ብዬ ጻፍኩ፤ «አፍ የላቸውም?»

መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከእኔ በፊት ያነበበ
ፈራ ተባ እያለ አስምሮ፣ ጠርዝ ጠርዙን በእርሳስ ከተበ፣
የመጨረሻዋን ፊደል እንደ ጃንጥላ እጀታ ቆልምሞ።
ይህን ቁልምም አውቀዋለሁ፤
በአስቤዛ ዝርዝር ላይ፣ ከሳሙናና ከሻማ ቀጥሎ።
ካርዱን ከኋላ ኪሱ ሳብኩት፦ ኔሊዳ ካርካሞ።

እናቴ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ እንደኔ።

እርሳሷ መቶ ሰማንያ ሰባት ላይ ያበቃል፤
ከዚያ ወዲያ ገጹ ሁሉ እጅ ያልነካው ይመስላል።
እዚያው ላይ ታናሽቱ ልጅ ሳህኑን አይታ
«የማን ነው?» ልትል አፏን ትከፍታለች።

እኛ ቤት ትርፍ ሳህን የለም።
ግን በየክረምቱ አንድ ቀን እናቴ ብቻዋን ወደ ኒዬብላ ትሳፈራለች፣
ባዶ እጇን፣ ጫማዋ አሸዋ ሞልቶ፣ ሲመሽ ትመለሳለች።
«እንዴት ዋልሽ?» እንላታለን። ሾርባ ትቀዳለች።

«ሞኞች» ያልኩትን ሰረዝኩት።
ምትኩን አልጻፍኩም።
በሩ ተንኳኳ፦ «ምን እያነበብሽ ነው?»
«የትምህርት ቤት ነገር» አልኳት፣
መጽሐፉን በሆዱ ደፋሁት።