ትርፍ ፈርጥ

ቆዳ ይቅር አይልም፣ ይል ነበር አባቴ፣
ወስፌ እንዳስጨበጠኝ ገና በልጅነቴ።
ጨርቅ ቢቀደድ እንኳ በመርፌ ይጣፋል፣
ብረት ቢጣመምም በእሳት ይቃናል፤
የቆዳ ቀዳዳ ግን
እስከ ዕለተ ሞትሽ አፍጥጦ ያይሻል።

ቤታችን እንጅባራ፣ ከገበያው ማዶ፣
የቀርከሃ አጥሩ ወደ ቦዩ ተንዶ።
ደንበኛ ሲመጣ ከደጅ ነው የሚቆም፣
ኮርቻውን ዳብሶ እኛን አይጨብጥም።
ዋጋውን ድንጋይ ላይ አኑሮ ይሄዳል፤
ከሳንቲሙ ብዛት ድንጋዩ ሰርጉዷል።

ታኅሣሥ ሲገባደድ፣ ውርጩ ሣር ሲያነጣ፣
ሽባባው ከባንጃ ዳማ ይዞ መጣ።
«ለጥር ጊዮርጊስ ነው፤ ለደረቱ ጠፍር
አሥራ ሁለት ፈርጥ አርጉ፣ አይጉደል፣ አይጨመር፤
ስድስት በዚህ በኩል፣ ስድስት በዚያ ይሁን፤
የዘንገናው ሰውዬ ዘንድሮስ ይየን።»

ናሱ ከየት መጣ? ከአሮጌ ቡታጋዝ፣
ክብሪት ቢጭሩለት እሳት ከማይይዝ።
ሆዱን በመቀስ ቀድጄ፣ ክብ ክብ ቆርጬ፣
በወይራ ጉቶ ላይ ጎበጥ አርጌ ቀጥቅጬ፣
በአመድና በሎሚ እስኪስቅ ፈግፍጌ፣
ሁለት ሁለት እግር ለያንዳንዱ አድርጌ።

አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ በአውራ ጣቱ ያያል፤
«ቀዳዳው ከእግሩ ይጥበብ፣ ፈርጡ ያኔ ይጸናል።
እግሩን ከውስጥ ገልብጪ፣ ግራና ቀኝ አጥፊ፣
በመዶሻ አስተኚው፣ ቁራጭ ቆዳ ለጥፊ፤
ላዩ ለሰው ሲያበራ ሥሩ ፈረስ እንዳይወጋ
በጉንጭሽ ዳብሺው፣ ሥራው ሳይዘጋ።»

የቅኔው ተማሪ ደበሎ ደርቦ
ሰምና ወርቅ ይላል በደጃችን ቀርቦ፤
ደበሎው የማን እጅ? እሱን አይጠይቅም።
እኛስ ናስና ጅማት፤ ሌላ ቅኔ አናውቅም።

ስድስቱን ጨረስኩኝ። ሰባተኛው ላይ
ደጅ ከቆሙት አንዱ፣ አሻግሮ እኔን ሲያይ፣
«ዓይኗ አያስፈራም ወይ? ዳማውን ሸፍኑት፤
የነዚህን ነገር ሳያውቁ አይጠጉት።»
ወስፌዬ ሸሸችኝ። አንድ ጣት ወደ ታች
ያለቦታው ገባች፣ ያለቦታው ወጣች።
ተመለከትኩት። ተመለከተኝ።
ቡዳ ካለ እንግዲህ፣ ዓይኑ ይኸው፣ አገኘኝ።

አባቴ አልጮኸም። አውራ ጣቱን ሰዶ፣
ትኩሳት እንደሚያይ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ
ቀዳዳውን ነካው። ዝም አለ። ዝም አልኩኝ።
«አሥራ ሦስተኛ ቁረጪ፣ አነስ ያለች» አለኝ።

ሽባባው ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረና
«ትርፍ አለች፤ አላዘዝኩም» አለ ተቆጣና።
አባቴ ከውስጥ ሆኖ፣ ድምፁ ሳይዛነፍ፣
«እሷማ ለዓይን ናት፣ ክፉ እንድታሳልፍ።»
ራሱን ነቀነቀ፣ ኪሱን ዳበሰ፣
መቶ ብር ጨምሮ ደስ ብሎት ተመለሰ።

ዳማው እስኪርቅ ድረስ አፋችንን ያዝን፤
ከዚያ ሳቅን፣ ሳቅን፤
ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁለታችን
ወደ ድንጋዩ ዞርን።

በዓመቱ አሥር ሰው መጣ፣ ከዘንገና ሳይቀር፤
ሁሉም «እንደ ሽባባው፣ ያቺ ትርፍ ትጨመር።»
እሺ። ግን ፈርጥ ብቻውን ያለ ቀዳዳ አይቆምም፤
እጄም እንደዚያ ቀን አይንቀጠቀጥም።
አሁን እለካለሁ፤ አንድ ጣት ወደ ታች፤
ወስፌዬ ዐውቃ ትስታለች።
ያኔ በድንጋጤ ባንድ አፍታ የሳትሁት
ዛሬ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣
ቢለኩት፣ ቢለኩት።